የሞጆ–ሀዋሳ ፈጣን መንገድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመስመሩ ላይ የሚኖሩ፣ የሚያርሱ፣ የሚነግዱና የሚመላለሱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

መንገዱ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል?

ሞጆ ላይ ከአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ጋር ተገናኝቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ የክፍያ መንገድ ነው። ርዝመቱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአራት ክፍል ተከፍሎ ነው የተጀመረው፦ ከሞጆ መቂ፣ ከመቂ ባቱ (ብዙ ሰው አሁንም ዝዋይ ነው የሚላት)፣ ከባቱ አርሲ ነገሌ፣ ከአርሲ ነገሌ ሀዋሳ። ከመቂ ባቱ ያለው አጭሩ ነው፤ 37 ኪሎ ሜትር ያህል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ከ50 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ።

መሄጃውና መምጫው በአካፋይ ተለይቷል። በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት መስመር አለው። የድሮው መንገድ አንድ መሄጃና አንድ መምጫ ብቻ ነው። ተሳቢው፣ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና የአህያ ጋሪው እዚያው ላይ ይጋፋሉ።

አሁን የት ደርሷል?

ከሞጆ በመቂ በኩል ባቱ የሚደርሰው 93 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጠናቆ መኪና ይመላለስበታል። ከባቱ በታች ያሉት ሁለቱ ክፍሎች ከላይኞቹ ወደ ኋላ የቀሩ ናቸው። መንገዱ የሚከፈተው በየተራ ስለሆነ ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት የትኛው መውጫ ክፍት እንደሆነ መግቢያው ላይ ያለውን ሠራተኛ ይጠይቁ። በመስመሩ በየቀኑ የሚመላለስ ሾፌርም ይነግርዎታል።

ከአዲስ አበባ ስነሳ በየት በኩል ነው የምገባው?

ከቱሉ ዲምቱ የአዳማውን ፈጣን መንገድ ይዘው ቢሾፍቱን አልፈው ሞጆ ሲደርሱ፣ በማሳለጫው ወደ ደቡብ ይታጠፋሉ። የአዳማው መንገድ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ከአዲስ አበባ ጫፍ እስከ ባቱ ድረስ በየትኛውም ከተማ መሃል ሳይገቡ መሄድ ይቻላል።

ከአዳማ ወይም ከጅቡቲ በኩል ለሚመጣ ጭነት መኪናም ያው የሞጆ ማሳለጫ ነው መገናኛው። የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ ያለው ሞጆ ነው፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም በዚያው ያልፋል። መንገዱ ከሞጆ እንዲጀምር ያደረገው አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄ ነው።

ክፍያው እንዴት ነው የሚሰላው?

በተጓዙት ርቀትና በመኪናው ዓይነት። ሲገቡ ካርድ ይቀበላሉ፤ ሲወጡ ካርዱን አስረክበው ይከፍላሉ። የቤት መኪና ትንሽ፣ ከባድ ጭነት መኪና ብዙ ይከፍላል፤ መንገዱን ይበልጥ የሚጎዳው እሱ ነውና። ታሪፉ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚከለስ እዚህ ቁጥር ጽፎ ማሳሳት አልፈልግም።

መንገዱን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ ነው። የሚያስገነባው ደግሞ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር። ሰው ሁለቱን ሲያምታታ አያለሁ። የክፍያ፣ የካርድና የአደጋ ጉዳይ ወደ መጀመሪያው፣ የግንባታና የወሰን (መንገዱ የሚያልፍበት መሬት) ጉዳይ ወደ ሁለተኛው ነው የሚሄደው።

የድሮው መንገድ ይዘጋል?

አይዘጋም። መክፈል የማይፈልግ፣ ቅርብ ለቅርብ የሚሄድ፣ በባጃጅና በጋሪ የሚንቀሳቀስ ሁሉ በድሮው ይቀጥላል። ሥጋቱ ሌላ ነው፦ ትኩረቱም በጀቱም ወደ አዲሱ ሲሄድ የድሮው ጥገና እንዳይረሳ። ከአለም ጤና እስከ ቡልቡላ ባሉት ትንንሽ ከተሞች የሚኖረው ሰው የዕለት ኑሮው በድሮው መንገድ ላይ ነው። ጉድጓድ ሲበዛ ዝም አትበሉ፤ ወረዳችሁን ወጥሩ።

ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ብስክሌትና እግረኛ መግባት ይችላሉ?

አይችሉም። ከብትም ጭምር። መንገዱ ግራና ቀኙ የታጠረው ለዚህ ነው። አጥሩን ቀዶ መሻገር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከሚከንፍ መኪና ፊት መቆም ነው። ሾፌሩ ፍሬን ቢይዝም አይደርስም። በተለይ ልጆቻችሁን ምከሩ፤ ከብት የሚጠብቁት እነሱ ናቸውና።

አውቶቡስና ሚኒባስም ፈጣኑ መንገድ ላይ ቆሞ ሰው ማውረድና መጫን አይፈቀድለትም። “እዚህ ጋ ወራጅ አለ” እዚያ አይሠራም። መውረጃዎ ከማሳለጫዎቹ ርቆ ከሆነ በድሮው መንገድ የሚሄደውን መኪና ይያዙ።

አደጋ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል?

የፊት ለፊት ግጭት በጣም ይቀንሳል። በድሮው መንገድ ብዙ ሰው የሚያልቀው ለመቅደም ሲባል ወደ ተቃራኒው መስመር ሲገባ ነው። መሄጃና መምጫው ሲለያይ ያ ዓይነቱ አደጋ ሰበብ ያጣል። አህያና ጋሪም ከመኪናው መንገድ ይወጣሉ።

ግን አዲስ ዓይነት አደጋ ይመጣል። ጎማ። ስምጥ ሸለቆ ሞቃት ነው፤ ያለቀ ጎማና ከልክ ያለፈ ጭነት ይዞ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ለረጅም ሰዓት መክነፍ ጎማ ያፈነዳል። ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። መንገዱ ቀጥ ሲል፣ ጎርበጥ የሚያደርግ ነገር ሲጠፋ፣ ሾፌር ያንቀላፋል። ሌሊት አዲስ አበባ ለመድረስ የሚሽቀዳደሙ አትክልት ጫኞች ይሄን ምክር ከልባቸው ቢይዙት ደስ ይለኛል።

ገንዘቡ የማን ነው?

አብዛኛው ብድር ነው። ከሞጆ መቂ ያለውን የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከመቂ ባቱ ያለውን የኮሪያ ኤግዚም ባንክ፣ ከባቱ አርሲ ነገሌ ያለውን የዓለም ባንክ፣ ከአርሲ ነገሌ ሀዋሳ ያለውን የቻይና ኤግዚም ባንክ ነው የያዘው። የዓለም ባንክ በ2007 ዓ.ም. ያጸደቀው ብድር 370 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የመቂ–ባቱን ክፍል የሠራው የኮሪያው ዴዉ ኩባንያ ነው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው። አራት አበዳሪ ማለት አራት ዓይነት የጨረታ ሕግ፣ አራት ዓይነት ውል፣ አራት ዓይነት ቁጥጥር ማለት ነው። “መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ እዚህ ተከፍቶ እዚያ ለምን ቆመ?” ለሚለው ጥያቄ የመልሱ ግማሽ እዚህ ውስጥ አለ።

“ግንባታው ይሄን ያህል በመቶ ደርሷል” ሲባል ምን ማለት ነው?

ከጠቅላላው ሥራ ምን ያህሉ እንደተከናወነ የሚያሳይ ልኬት እንጂ ምን ያህሉ መንገድ እንደሚነዳ የሚያሳይ አይደለም። ሥራው ብዙ ነው፦ የአፈር ቆረጣ፣ ሙሌት፣ ገረጋንቲ፣ የውኃ ቱቦ፣ ድልድይ፣ የጠጠር ንጣፍ፣ አስፋልት፣ ከዚያ አጥርና ምልክት፣ የክፍያ ጣቢያ። ሙሌቱና ቆረጣው ብዙ ገንዘብ ስለሚበላ በመቶኛው በፍጥነት ያድጋል። ሰው ግን አስፋልት እስኪያይ ድረስ “ምንም አልተሠራም” ይላል።

የተገላቢጦሹም አለ። ግንባታው 90 በመቶ ደርሶ ምንም መኪና የማያልፍበት መንገድ ሊኖር ይችላል። አንድ ድልድይ ካላለቀ፣ ወይም በመሃል ያለ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ካሳው ሳይከፈል ከቀረ፣ ግራና ቀኙ ያለው አስፋልት ዋጋ የለውም። ስለዚህ መቶኛ ሲነገራችሁ ቀጥላችሁ ጠይቁ፦ ወሰኑ ሙሉ በሙሉ ነጻ ሆኗል? ያላለቀ ድልድይ ስንት ነው? ማሳለጫው ተጀምሯል? ከቁጥሩ ይልቅ እነዚህ ሦስት መልሶች ናቸው መቼ እንደሚከፈት የሚነግሯችሁ።

ለምንድን ነው እንዲህ የዘገየው?

አንድ ምክንያት የለም። በመንገድ ሥራ ተደጋግሞ የሚነሳው ግን ወሰን ማስከበር ነው። አዲስ መንገድ ድንግል መሬት ላይ አይሠራም፤ የሰው ማሳ፣ ቤት፣ የጉድጓድ ውኃ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የመቃብር ቦታ ላይ ያልፋል። ብድሩ ለግንባታው ነው። ካሳው የሚከፈለው ከመንግሥት በጀት ነው። ካሳው ሲዘገይ ገበሬው መሬቱን አይለቅም፤ ባይለቅም አይፈረድበትም። ተቋራጩ ደግሞ ማሽኑን አቁሞ የኪሳራ ጥያቄ ያቀርባል። ከዚያ ወጪው ይንራል፣ ለካሳ የሚሆነው ብር ጭራሽ ያንሳል።

ሁለተኛው የዋጋና የዕቃ ጉዳይ ነው። የሲሚንቶ እጥረት፣ የነዳጅ፣ የሬንጅና የመለዋወጫ ዋጋ፣ የውጭ ምንዛሪ። በአንድ ዋጋ የተፈረመ ውል ከዓመታት በኋላ በሌላ ዋጋ ነው የሚፈጸመው። በአገሪቱ የታየው የጸጥታ ችግርም ማሽንና ሠራተኛ በየጊዜው እንዲቆም አድርጓል። ክረምቱም አለ፤ አፈር ሲርስ ሮለር አይሠራም።

ሦስተኛው ብዙም አይነገርም፦ አፈሩ። ሞጆ አካባቢ መረሬ አለ። ሲዘንብ የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር። እሱ ላይ በቀጥታ አስፋልት ከተነጠፈ ሁለት ክረምት አይሻገርም፤ ተቆፍሮ ወጥቶ በሌላ አፈር መተካት አለበት። ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድና የጥንት ሐይቅ ደለል ይመጣል፤ ውኃ በቀላሉ የሚሸረሽረው ልል አፈር ነው። በዚህ የስምጥ ሸለቆ ክፍል ከባድ ዝናብ ሲጥል መሬት በድንገት የሚሰነጠቅባቸው ቦታዎችም አሉ። እዚህ ላይ የሚጠፋ ጊዜ የባከነ አይደለም።

የድሮውን ማስፋት አይሻልም ነበር?

የሚሻል ይመስላል፤ አይሻልም። የድሮው መንገድ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ መሃል ነው የሚያልፈው። ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ ነው። ማስፋት ማለት የየከተማውን ፊት ማፍረስ ነው። ያ ሁሉ ፈርሶም ቢሆን መንገዱ ፈጣን አይሆንም ነበር፤ በየመቶ ሜትሩ ሰው ይሻገራልና።

ለመቂና ለባቱ ገበሬ ምን ይዞለት መጣ?

ቲማቲምን እንውሰድ። ቲማቲም ማሳ ላይ ከቀላ ቀን አይሰጥም። ማለዳ ይለቀማል፣ በእንጨት ሳጥን ይሞላል፣ አይሱዙ ላይ ሳጥን በሳጥን ይደረደራል፣ ሌሊቱን ተጉዞ ሳይነጋ አዲስ አበባ ሀይሌ ጋርመንት ያለው የአትክልት ገበያ መድረስ አለበት። ካረፈደ የዕለቱ ዋጋ ተቆርጧል፤ ደላላው “ያለኝ ዋጋ ይሄ ነው” ካለ ይዞ የሚመለስ የለም። ስለዚህ በመንገድ ላይ የምታልፍ እያንዳንዷ ሰዓት ገበሬውን ታስከፍለዋለች። ሽንኩርት፣ ጎመንና ፓፓያም መጠኑ ይለያይ እንጂ ያው ናቸው። ባቱ ላሉት የአበባ እርሻዎች ደግሞ ቀዝቅዞ ቦሌ መድረስ ያለበት ጽጌረዳ ነው።

ፈጣኑ መንገድ ይህን ሰዓት ያሳጥራል። ግን ቲማቲሙ የሚጨፈለቀው አስፋልቱ ላይ አይደለም። ከማሳው እስከ አስፋልቱ ባለው ፒስታ ላይ ነው። ጉድጓድ በገባ ቁጥር የታችኛው ሳጥን ይፈነዳል፤ ጭማቂው በካሶኒው ሥር ሲንጠባጠብ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ማሳው ከማሳለጫው አሥርና አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ መሃሉ ሲዘንብ የሚዘጋ ፒስታ ከሆነ፣ ለዚያ ገበሬ ፈጣኑ መንገድ በአጥር ማዶ የሚታይ የሌላ ሰው ንብረት ነው።

ለእኔ የመንገዱ ጥቅም የሚለካው እዚህ ነው። የ200 ኪሎ ሜትሩ አስፋልት አንድ ሥራ ነው፤ ከየቀበሌው ወደ ማሳለጫው የሚያደርሰው መጋቢ መንገድ ሌላ ሥራ ነው። ሁለተኛው ሪባን አይቆረጥለትም፤ የሚጠብቀውም ከክልልና ከወረዳ በጀት ነው። ወረዳ ላይ ድምፅ ያላችሁ ሰዎች ለእሱ ታገሉ።

መንገድ ዳር ሸጠው የሚያድሩትስ?

በእውነት የሚጎዱት እነሱ ናቸው። የድሮው መንገድ ረጅም ገበያ ነው። ቆቃ ላይ ዓሣ፣ መቂ ላይ ቲማቲምና ሐብሐብ በረድፍ፣ ወደ ላንጋኖ ሲጠጋ ከሰል፣ አርሲ ነገሌ አረቄ። ጎሚስታው፣ ምግብ ቤቱ፣ ሻይ የምታፈላው እናት፣ ሁሉም የሚኖሩት መኪና ስለሚቆም ነው። መኪናው ከከተማው ውጭ ካለፈ ማንም አይቆምም።

ሁሉም አይከስርም። አርሲ ነገሌ አረቄ የምታወጣ ሴት ዋና ደንበኛዋ በጅምላ ገዝቶ ወደ ሌላ ከተማ የሚወስድ ነጋዴ ስለሆነ ብዙም አትነካም። ሀዋሳና ላንጋኖም ቅዳሜና እሑድ የሚመጣው እንግዳ ስለሚበዛላቸው ያተርፋሉ፤ አሞራ ገደል ዓሣ የሚጠብስ ሰው የአዲስ አበባን ሰው በጉጉት ይጠብቃል። በመሃል ያሉት ትንንሽ ከተሞች ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋቸዋል። ከባቱ በታች ግንባታው ሳያልቅ በየማሳለጫው መውጫ ላይ ለአካባቢው ሰዎች የተደራጀ መሸጫ ቦታ መከለል ይቻላል። መኪናው ያለአደጋ የሚቆምበት፣ ጥላ፣ ውኃና መጸዳጃ ያለው። ይሄ ከመንገዱ ወጪ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ካለፈ በኋላ ማስተካከል ግን ከባድ ነው፤ ቦታውን ሌላ ሰው ይይዘዋል።

ለአካባቢው ልጆች ሥራ አለው?

በግንባታው ጊዜ አለ። የጉልበት ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ ባንዲራ ያዥ፣ ታይም ኪፐር፣ ግንበኛ፣ ሾፌር፣ የካምፕ ምግብ አብሳይ። አብዛኛው ጊዜያዊ ነው፤ ክፍሉ ሲያልቅ ያበቃል። ከዚያ የሚተርፈው ዕውቀት ነው። ግሬደር ወይም ሮለር መንዳት የለመደ ልጅ የትም አገር ሥራ አያጣም። ወደ ካምፑ ለሥራ የሚሄድ ወጣት ለዛሬ አበል ብቻ ሳይሆን ማሽን ላይ ረዳት ሆኖ ለመግባት ቢሞክር ይጠቀማል። የሥራ ልምድ ወረቀቱንም ካምፑ ሳይነቀል መቀበል ነው፤ ከተነቀለ በኋላ ማኅተም የሚያደርግለት ሰው ፍለጋ ይንከራተታል።

መሬቴ ላይ መንገድ ወጣ። ካሳው እንዴት ነው የሚሰላው?

መሠረቱ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ነው። ካሳው ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው መሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው፦ ቤት፣ አጥር፣ የውኃ ጉድጓድ፣ ዛፍ፣ ቋሚ ተክል፣ ያልተሰበሰበ ሰብል። ሁለተኛው ከመሬቱ በመነሳትዎ የሚከፈል የልማት ተነሺ ካሳ ነው። ምትክ የእርሻ መሬት ካልተሰጠዎት፣ ከመነሳትዎ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ያገኙበት ዓመት ተወስዶ በ15 ይባዛል። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ከተሰጠዎት የአንድ ዓመቱ ገቢ ነው የሚከፈለው።

እንበልና በሦስቱ ዓመት ውስጥ ጥሩው ዓመት 60 ሺህ ብር ያስገኘ ከሆነ፣ ያለምትክ መሬት 900 ሺህ ብር ይሆናል። በቀድሞው ሕግ ብዜቱ 10 ነበር፣ የሚወሰደውም የአምስት ዓመት አማካይ ነበር። ስለዚህ ጎረቤትዎ በፊት የወሰደው ካሳ ከእርስዎ ጋር ላይገጥም ይችላል። ለካምፕ፣ ለድንጋይ ማውጫ ወይም ለተለዋጭ መንገድ ለጊዜው የተወሰደ መሬትም ካሳ አለው፤ እስኪመለስ ድረስ ላጡት ገቢ።

ከልብ የምመክረው፦ ገማቾቹ ከመምጣታቸው በፊት ሁሉንም በወረቀት ይያዙ። የይዞታ ደብተሩን፣ የዛፉን ብዛት፣ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ ምርት የሸጡበትን ደረሰኝ። በስልክ ፎቶ ያንሱ። የጓሮ አቮካዶና ጌሾ ብዙ ጊዜ የሚረሱ ናቸው። ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ከሆነ ደግሞ ገንዘቡም በሁለቱ ስም የባንክ ሒሳብ ይግባ። የአሥራ አምስት ዓመት እንጀራ በአንድ ቀን በእጅ ሲገባ በአንድ ዓመት የሚያልቅበት ቤት ብዙ ነው፤ ልጆቹ ሳያዩት።

ግምቱ አንሷል ብዬ ባምንስ?

ቅሬታ የማቅረብ መብት አለዎት። ግምቱ በጽሑፍ ከደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ያመለክታሉ። በውሳኔው ካልረኩ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቀኑን ያስሉ። ብዙ ሰው ትክክለኛ አቤቱታ ይዞ የሚሸነፈው ሽማግሌ ልኮ፣ ሥራ አስኪያጅ ጠብቆ፣ “ነገ ተመለስ” ሲባል 30 ቀኑ ስለሚያልፍበት ነው። መለመኑን ይቀጥሉ፤ ማመልከቻውን ግን አስቀድመው በመዝገብ ያስገቡና ቀን የተጻፈበት ቅጂ ይያዙ።

በ2016 ዓ.ም. የተደረገው ማሻሻያ የካሳ ክፍያውን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ወደ ታችኛው አስተዳደር አዙሮታል። ስለዚህ አዲስ ጉዳይ ያለው ሰው አዲስ አበባ ድረስ ከመንገላታቱ በፊት ከወረዳውና ከዞኑ ይጀምር።

መንገዱ ማሳዬን ለሁለት ከፈለው። ከብቴን እንዴት ላሻግር?

ፈጣን መንገድ ከታጠረ በኋላ መሻገሪያው ከሥር የሚያልፍ መተላለፊያ ወይም ከላይ የሚሄድ ድልድይ ብቻ ነው። የት የት እንደሚሆኑ የሚወሰነው በንድፍ ጊዜ ነው፤ አንዳንዴ ግንባታው ላይ እያለም ይስተካከላል። በአካባቢው ላለ አርሶ አደር ከዚህ በላይ ወሳኝ ነገር የለም። ቤቱ በአንድ በኩል፣ ውኃው በሌላ በኩል ከቀረ፣ በፊት በአሥር ደቂቃ ውኃ የሚጠጣው ከብት አሁን ብዙ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃንም እንደዚሁ።

ሙሌቱ ከፍ ከማለቱ በፊት ጥያቄያችሁን አቅርቡ። በግል ሳይሆን በቀበሌ ደረጃ፣ ስንት አባወራ፣ ስንት ከብት፣ የትኛው ውኃ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚነካ ተዘርዝሮ፣ ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ቢሮ። ፎርማኑን መለመን ዋጋ የለውም፤ እሱ የተሰጠውን ፕላን ነው የሚሠራው። መተላለፊያው ተሠርቶ ግን ክረምት ውኃ የሚተኛበት ከሆነም አሳውቁ። ከብት በውኃ በተሞላ ቱቦ አያልፍም፤ እረኛው የዚያን ቀን አጥሩን ይቀዳል።

ግንባታው ቤቴን ቢሰነጥቅ፣ አቧራው ሰብሌን ቢያበላሽስ?

ሥራ ተቋራጩ ውኃ እየረጨ አቧራውን የመቀነስ፣ ድንጋይ ሲያፈነዳ የማስጠንቀቅ፣ ያወጣውን ጉድጓድ የመድፈን ግዴታ በውሉ ውስጥ አለበት። ጉዳቱ በደረሰ ቀን ፎቶ አንስተው፣ የቀበሌ ምስክር ይዘው፣ ለተቆጣጣሪው በጽሑፍ ያመልክቱ። ያልተደፈነ የገረጋንቲ ጉድጓድ በተለይ ችላ አይባልም። ክረምት ውኃ ይሞላል፤ ልጆች ሊዋኙ ይገባሉ፤ ወባም ይራባበታል።

ከሀዋሳ በኋላስ? እውነት ኬንያ ያደርሳል?

ፈጣኑ መንገድ ሀዋሳ ላይ ያበቃል። ከዚያ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መደበኛ አስፋልት ነው፤ በዲላ፣ በሀገረ ማርያምና በያቤሎ በኩል። ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መሪዎች ተመርቋል። በኬንያ በኩል ከሞያሌ ኢሲዮሎ ያለውም አስፋልት ሆኗል። መስመሩ ከካይሮ ኬፕ ታውን ተብሎ የታቀደው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል ነው።

ለእኛ ትርጉሙ አማራጭ ወደብ ነው። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ሞምባሳና ላሙ በርቀታቸው ለአዲስ አበባ አይመቹም፤ ለሀዋሳ፣ ለዲላና ለቦረና ግን ሊታሰቡ ይችላሉ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክና የሲዳማ ቡና ከሁለቱም አቅጣጫ መውጫ ቢያገኙ ማን ይጠላል?

መንገዱ ሐይቆቹን ይጎዳል?

አስፋልቱ ራሱ ሳይሆን የሚያስከትለው ነው የሚያሳስበኝ። ገበያው ሲቀርብ አትክልት ማምረት ያዋጣል። ሲያዋጣ የውኃ ፓምፕ ይበዛል። ፓምፑ የሚስበው ከደንበል (ዝዋይ) ሐይቅና ደንበልን ከሚሞሉት ከመቂና ከከታር ወንዞች ነው። ከደንበል የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወርዶ አብያታ ይገባል። አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ከላይ ውኃ ሲቀንስ እሱ ይሸሻል። ላለፉት አሥርት ዓመታት በጣም ሸሽቷል። ድሮ ውኃ የነበረበት ዳርቻ አሁን ነጭ ጨዋማ ደለል ነው፤ ፍላሚንጎና ሌሎች አእዋፍ የሚመጡበት ብሔራዊ ፓርክ ነው ይሄ።

ስለዚህ ከመንገዱ ጋር አብሮ የውኃ አጠቃቀም ሥርዓት መምጣት አለበት። ማን በስንት ፓምፕ ምን ያህል እንደሚስብ የሚመዘገብበት፣ ጠብታ መስኖ የሚበረታታበት። የቲማቲሙ ገቢ ራሱ የሚቆመው ውኃው እስካለ ነው።

“ማሳለጫ አጠገብ መሬት አለ፣ ነገ ይወደዳል” እያሉ ደላሎች ይደውሉልኛል። ልግዛ?

በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ ይህን ጥያቄ ትልካላችሁ። መልሴ አጭር ነው፦ የእርሻ መሬት ከሆነ አትግዙ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው የሚሰጣችሁ ወረቀት ሽማግሌ ቢፈርምበትም ፍርድ ቤት አያጸናውም። መንገዱ ሲሰፋ ወይም ከተማው ሲከለል ካሳ የሚጠራው ደብተሩ ላይ ስሙ ያለውን ሰው ነው።

በከተማ ውስጥ ሕጋዊ ካርታ ያለው ቤት ወይም በሊዝ የተያዘ ቦታ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ያኔም ቢሆን ካርታውን ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የሚያጣራ የምታምኑት ሰው ይኑራችሁ፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበት ይጠይቅ፣ ቦታው በመንገዱ ወሰን ውስጥ እንዳልገባ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ደላላው “ጊዜ የለም፣ ሌላ ገዢ አለ” ብሎ ካጣደፋችሁ ብሩን አትላኩ።